ኦፕራሲዮን ያለፈባት ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል ትድረስ

አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች የሚባለው ሕፃኑ ሲወለድ ብቻ ሳይሆን የእንግዴ ልጁም ሲወጣ መሆኑን የገጠሩ ሕዝብ ጠንቅቆ ያውቃል። ዘወትር ይህ የሚሆነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ የእንግዴ ልጁ በማኅፀኑ ግድግዳ ውስጥ ሥር ሰዶ ይጣበቃል። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን ሲወለድ ማኅፀኑ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ታትሞ የወጣና ከ30 ሺህ በላይ በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችን የተመለከተ ጥናት ይህንኑ ያረጋግጣል። የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ከሸፈነባቸው እናቶች መካከል ችግሩ የደረሰባቸው፣ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ከ100 3፣ በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው ደግሞ 40 ያህሉ ነበሩ። ይህ ሲባል ግን ሕይወት የሚያድነው ኦፕራሲዮን ይቅር ማለት አይደለም።

የተጣበቀውን የእንግዴ ልጅ በእጅ መጎተት ወይም እትብቱን መሳብ እጅግ አደገኛ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ በመሆኑ፣ እናቲቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደሟ አልቆ ልትሞት ትችላለች። ሐኪሞች ሁኔታውን በአልትራሳውንድ አስቀድመው ካወቁ፣ ብዙውን ጊዜ ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሕፃኑን በኦፕራሲዮን ያወጣሉ። የእንግዴ ልጁን ግን ለመንቀል ሳይሞክሩ ከነማኅፀኑ ያወጡታል። ለዚህም የሠለጠነ ሐኪምና በርካታ ከረጢት ደም ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በጤና ጣቢያ የሚገኝ አይደለም።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ በአካባቢያቸው ከዚህ ቀደም በኦፕራሲዮን የወለዱ ነፍሰ ጡሮችን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው መለየት፤ ሁለተኛ፣ ተመርምረው የመውለጃ ሆስፒታላቸው አስቀድሞ እንዲታወቅ ማድረግ፤ ሦስተኛ፣ መኪና ወይም ቃሬዛ ማዘጋጀትና ጎልማሶች ደም እንዲለግሱ ማስተባበር ነው። ሕመም ሳይኖር ደም የፈሰሳት ነፍሰ ጡር ካለች በዚያው ዕለት ትወሰድ።

ከዚህም ሌላ፣ ማኅፀኗ የወጣ ሴት እንደ ጎደሎ ልትታይ አይገባም። ባልም ሆነ ዘመድ «ሌላ ልጅ ይቀርብናል» በማለት ፈቃድ ቢያጓትት፣ የሚቀረው የሚወለደው ልጅ ብቻ ሳይሆን ያሉትን የምታሳድገው እናት ጭምር መሆኗን መሪዎች በስብሰባ ላይ በግልጽ ማስረዳት አለባቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዝግጅቱ ከምጥ በፊት ይሁን።