ከትልቁ ፋብሪካ ጎን ትንሹም ይደግ



በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የኦሞ ሸለቆን የስኳር ልማት አብስረው ነበር። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሸንኮራ አገዳ ለማልማት የታቀደው የኦሞ ኩራዝ ፕሮጀክት መሬቱንም ውሃውንም ያገኘው ከዚሁ ምድር ነው። የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ ፋብሪካ ዕቃና አገልግሎት የሚገዛው ከማን ነው?

ለትልቅ ድርጅት የሚያቀርብ ብረታ ብረት ሠሪ ልኩን ሳያዛንፍ፣ ቀኑን ሳያሳልፍ መሥራት ይለምዳል። ትዕዛዙ ሲረጋጋለት ማሽን ይጨምራል፤ በዚያው የሰው ኃይል የበለጠ ያመርታል። በኮስታ ሪካ ድርጅቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ነገር ግን ክፍያ ለወራት ከዘገየ አቅራቢው አራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቃል፤ ጨረታው በጅምላ ከወጣም ጋራዡና ዳቦ ቤቱ ከደጅ ይቀራሉ።

ስለሆነም ፓርቲያችን ሲመረጥ፣ የመንግሥት ፋብሪካዎች ጨረታ በትንንሹ ተከፋፍሎ ጂንካ ላይ እንዲለጠፍ፣ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም፣ የፋብሪካ ባለሙያዎችም አቅራቢዎችን እንዲያሠለጥኑ በሕግ እንደነግጋለን።

መሬት ሰጥቶ አቧራ መቀበል ይብቃ! ድምፃችሁን ለሥራ ስጡ።