የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሲቋረጥ፦ ይጣላል ወይስ ይጠገናል?



ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በየቤታችን ገንዘብ የሚያስወጣ፣ አልፎ አልፎም በወላጅና በልጅ መካከል ቅያሜ የሚያመጣ ነው። ይኸውም በዕብራይስጥ «ኦዝኒዮት» የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው። ልጆቻችን ለትምህርትና ለሙዚቃ ይጠቀሙበታል፤ እኛ ትልልቆቹም የኡልፓን ትምህርታችንን ቤት ውስጥ ሰው ሳንረብሽ ለመስማት እናደርገዋለን። ጥሩ የሚባሉት ማዳመጫዎች ዋጋቸው ብዙ መቶ ሸቀል ነው፤ ከሺህ ሸቀል የሚበልጡም አሉ። አንድ ወጣት በዕረፍት ወራት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ማዳመጫ በዓመቱ አንድ ጆሮው ዝም ሲል፣ በቤት «ይኸው ገንዘብህን ውኃ በላው» ይባላል፤ በሱቅ ደግሞ «ይህ አበቃለት፣ አዲስ ግዛ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው አልሞተም። የተቋረጠው በአንድ ቦታ ላይ ያለ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብቻ ነው።

ገመዱ ለምን ይቋረጣል?

በማዳመጫው ውስጥ ያለው ድምፅ ሰጪ ክፍል በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ገመዱ ግን በየቀኑ ይታጠፋል፣ ይጎተታል፣ ይረገጣል፣ በወንበር እግር ይደቆሳል። ገመዱን ብንሰነጥቀው ውስጡ ሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ሽቦም ከብዙ የመዳብ ክሮች የተሠራ ነው። መዳብ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይጠነክርና ይሰበራል። ሽቦን ያለ ፒንሳ ለመቁረጥ ስንፈልግ ወዲያና ወዲህ እያጠፍን እንደምንበጥሰው ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱ መኻል ላይ ብዙም አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው በሁለቱ ጫፎች ነው፦ አንደኛው እስፒናው አጠገብ፣ ሁለተኛው ገመዱ ወደ ጆሮው ክፍል የሚገባበት ቦታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዋጋው መወደዱ ገመዱን ከመቋረጥ አያድነውም። በካርቶኑ ላይ ስለ መዳቡ ጥራት የሚጻፈው ነገር የገመዱን ጥንካሬ አያሳይም። በጨርቅ የተሸፈነ ገመድም መፋተግን ይችላል እንጂ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ያው መዳብ ነው።

ከመግዛታችን በፊት

ውድ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ገመዱ ይነቀላል ወይ?» ብሎ ነው። በዚህ ረገድ ማዳመጫዎች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ገመዳቸው ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ነው። ለምሳሌ የጀርመኑ ዜንሃይዘር በ1997 ያወጣው ኤች ዲ 600 እና በ2003 ያወጣው ኤች ዲ 650 በሁለቱም ጆሮ በኩል የሚነቀል ገመድ አላቸው፤ የአንዱ ገመድም ለሌላው ይሆናል። ገመዱ ሲበላሽ ካውያም ቴክኒሻንም አያስፈልግም፤ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ነው።

ሁለተኛዎቹ ገመዳቸው ከውስጥ የተበየደ ነው። በብዙ ስቱዲዮዎች የሚታወቀው የሶኒ ኤም ዲ አር 7506፣ ከ1991 ጀምሮ የሚሸጠው፣ ገመዱ አይነቀልም። በይርዳይናሚክ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ዲ ቲ 770 ፕሮ የሚለው ማዳመጫም እንዲሁ ነው። እነዚህ መጥፎ ዕቃዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ገመዳቸው ሲቋረጥ መበየድ ያስፈልጋል። ፋብሪካዎቹም ይህን ችግር የተረዱ ይመስላል። የጃፓኑ ኦዲዮ ቴክኒካ የቀድሞው ኤም 50 ገመዱ የማይነቀል ነበር፤ በ2014 ያወጣው ኤም 50 ኤክስ ግን ገመዱ ይነቀላል፣ ከዕቃው ጋርም ሦስት ገመዶች ይሰጣሉ። በይርዳይናሚክም በ2024 ባወጣው ዲ ቲ 770 ፕሮ ኤክስ ላይ የሚነቀል ገመድ አድርጓል።

ሁለት ማዳመጫዎች በዋጋም በድምፅም ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ገመዱ የሚነቀለውን መምረጥ ይበጃል።

ችግሩ የት እንዳለ እንዴት እናውቃለን?

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን።

አንደኛ፣ ማዳመጫውን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን እንስማ። እዚያ በደህና ከሠራ ችግሩ ማዳመጫው አይደለም። ብዙ ጊዜ በስልኩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቅና እስፒናው በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ስልኩን አጥፍተን በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ በዝግታ ብናጸዳው ይስተካከላል። አይፎን ከ2016 ወዲህ የማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌለው በመኻል ትንሽ መቀጠያ ይደረግለታል። መቀጠያው ከሁሉ የቀጠነ ገመድ ስላለው አስቀድሞ እርሱን መጠርጠር ነው።

ሁለተኛ፣ ሙዚቃ እየሰማን ገመዱን ከእስፒናው ጀምረን በየቦታው በቀስታ እናጣጥፈው። ድምፁ ቦግ እልም የሚልበት ቦታ የተቋረጠው እዚያ ነው። በክር ምልክት እናስርበት።

ሦስተኛ፣ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እያለ የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ርቆ ወይም ጠፍቶ ሙዚቃው ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ከመሰለ፣ የተቋረጠው ሁለቱ ጆሮዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የመመለሻ ሽቦ ነው። ይህን የሚሰማ ብዙ ሰው ማዳመጫው ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል፤ አልተቃጠለም።

ጥገናው

ገመዱ የሚነቀል ከሆነ የማዳመጫውን ሙሉ ስምና ቁጥር ይዘን ተተኪ ገመድ እንገዛለን። ጫፉ ከማዳመጫ ማዳመጫ ስለሚለያይ አሮጌውን ገመድ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

የማይነቀል ሆኖ የተቋረጠው እስፒናው አጠገብ ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ከተበላሸው ቦታ ትንሽ አልፎ ገመዱን መቁረጥና አዲስ እስፒና መበየድ ነው። በቤታችሁ ካውያና ስታኞ የያዘ፣ እጁም የለመደ ሰው ካለ የሚከተለውን ይወቅ፦

የእስፒናው ጫፍ የግራ ጆሮ ነው፤ መካከለኛው ቀለበት የቀኝ ጆሮ ነው፤ ከታች ያለው ሰፊው ክፍል የጋራ መመለሻ ነው። በተለምዶ ቀይ ሽቦ ለቀኝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ለግራ ይሆናል፤ ነገር ግን ፋብሪካ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለማያደርግ በቴስተር ማረጋገጥ ይሻላል። በእስፒናው ላይ ያሉትን ጥቁር መሥመሮች ቁጠሩ፦ ሁለት ከሆኑ ተራ ማዳመጫ ነው፤ ሦስት ከሆኑ ማይክሮፎን አለውና ያንኑ ዓይነት እስፒና መግዛት ያስፈልጋል።

በብዙ ማዳመጫዎች የመዳቡ ክሮች ባለ ቀለም ቫርኒሽ ተቀብተዋል። ቫርኒሹ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ስታኞው እስኪይዝ ድረስ ጫፉን በጋለ ካውያና በስታኞ ማቃጠል ወይም በስለት ቀስ ብሎ መፋቅ ግድ ነው። እንዲሁም ከመበየድ በፊት የእስፒናውን ክዳን በገመዱ ላይ ማሳለፍ አይዘንጋ፤ ከተበየደ በኋላ አይገባምና ሥራው ሁሉ እንደገና ይሆናል።

ካውያው 350 ዲግሪ ገደማ ስለሚግል ልጆች አጠገቡ አይቅረቡ። መስኮት ይከፈት፤ ብዙ ስታኞ እርሳስ አለበትና ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ብሉቱዝ ማዳመጫ ውስጥ ባትሪ ስላለ ውስጡን ካውያ አናስነካው።

የተቋረጠው ጆሮው ዘንድ ከሆነ ማዳመጫውን መክፈት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ናስትሮ መጠቅለል ግን ጥገና አይደለም፤ ለሳምንት ያህል ድምፁን ቢመልስም ውስጡ የተበጠሰው እንደተበጠሰ ነው።

ባለሙያው ዘንድ ስንሄድ

ዕብራይስጡ ገና ላልተስተካከለልን እነዚህን ይዞ መሄድ ይጠቅማል። «ጻድ ኤሐድ ሎ ኦቬድ» ማለት አንዱ ወገን አይሠራም ማለት ነው። «ኤፍሻር ለሀሕሊፍ ኤት ሀኬቬል?» ማለት ገመዱን መቀየር ይቻላል ወይ ማለት ነው። «ካማ ያዓሌ ሀቲኩን?» ማለት ጥገናው ስንት ያወጣል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዕቃውን ከመስጠታችን በፊት ይጠየቅ፤ የተነገረን ዋጋም በወረቀት ላይ ይጻፍልን። ዋጋው ከአዲስ ማዳመጫ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሌላም ባለሙያ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዕቃው አዲስ ከሆነ ግን ራሳችን ከመክፈታችን በፊት «አሕራዩት» የሚባለውን የዋስትና ወረቀትና «ካባላ» የሚባለውን ደረሰኝ እንፈልግ። ዋስትና ያለውን ዕቃ ከከፈትነው ሻጩ «ራሳችሁ አበላሻችሁት» ሊል ይችላል። ዋስትናው ገመዱን ይጨምር እንደሆነም በግዢው ቀን እንጠይቅ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለገዛ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ሕግ አለ። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ግዢ ዕቃው ከደረሰ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። የአዲስ መጤነት ወረቀት ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ፣ እስከ አራት ወር ድረስ የመሰረዝ መብት አለው። ለምልልስ በጽሑፍ ማሳወቅ ይሻላል፤ የጻፍነውንም ቅጂ እናስቀምጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከጥገና ጥንቃቄ ይቀድማል። ማዳመጫውን ስንነቅል እስፒናውን ራሱን እንያዝ እንጂ ገመዱን አንጎትት። ገመዱን በስልኩ ላይ አጥብቀን አንጠምጥም፤ እንደ እጅ መዳፍ በሰፋ ክብ ልል አድርገን እንጠቅልለው። እስፒናው ተሰክቶ እያለ ስልኩን ኪስ ውስጥ አንክተት፤ ጫፉ የሚታጠፈው ያን ጊዜ ነው። ላብና የፀጉር ቅባት ሽፋኑን ስለሚያደርቁት በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ እንጥረገው፤ በሐምሌ ፀሐይም መኪና ውስጥ አንተወው።

በጎንደር አባቶቻችን ማረሻ ሲያልቅ አልጣሉትም፤ በእሳት አግለው፣ ቀጥቅጠው፣ አስልተው እንደገና ወደ እርሻ መለሱት። ብረት ማቅናትን ከእነርሱ የወረሰ ልጅ አንዲት የመዳብ ክር መቀጠል አያቅተውም። በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ አንድ ጆሮው ዝም ያለ ማዳመጫ ካለ፣ በዚህ ሳምንት አውጡና ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ገመዱን አጣጥፋችሁ ፈትኑት።

በሰላም ያገናኘን።