የቫይረሱ ፊደልና የእኛ ጉበት

ባለፈው ወር አንድ ባልንጀራዬ ደም ሊለግስ ሄዶ፣ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደሙ እንዳለ ተነግሮት ተመለሰ። ዓይኑ ቢጫ አልሆነም፤ ጉልበቱም አልደከመም። እናቱ ግን ነገሩን እንደ ሰሙ፣ «ልጄ፣ የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ አልፋብህ ይሆናል» ብለው ወደ ሥር ማሽ ቤት ሊወስዱት ተነሡ። እርሱ በበኩሉ ሐኪሙን «የእኔ ዘሩ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ያንን የምንመረምርበት መሣሪያ እዚህ የለንም» የሚል መልስ አገኘ።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። የዚህ ቫይረስ የዘር ጽሑፍ 3,200 ያህል ፊደላት አሉት፤ ሲባዛም ግልባጩን የሚያርምለት ስለሌለ ስሕተቱ ከዘመን ወደ ዘመን ይከማቻል። በጠቅላላው ጽሑፍ ከ8 በመቶ በላይ የሚለያዩትን ሊቃውንት ለየብቻ ሰይመዋቸው፣ ከኤ እስከ ጄ ዐሥር ያህል ዘሮች ተቆጥረዋል። ቢ እና ሲ በሩቅ ምሥራቅ ይበዛሉ። በአገራችን የሚበዛው ኤ ሲሆን፣ ዲ ይከተለዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የምዕራብ አፍሪካው ኢ ነው። ከዚያ ምድር በባርነት ወደ አሜሪካ በተጋዙት ሰዎች ተወላጆች ዘንድ ከስንት አንዴ እንጂ አይገኝም፤ የአፍሪካው ኤ ግን ብራዚል ድረስ ተሻግሯል። ስለዚህ ኢ የተስፋፋው ከባሪያ ንግዱ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የመርከብ መዝገብ ያልጻፈውን ደም ጽፎት ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ወጣት ሹም ወዳጄ፣ «ክትባቱ ሁሉንም ዘር ይከላከላል፤ ኪኒኑም ሁሉንም ያስታግሳል፤ ታዲያ ገንዘባችን በፊደል ቆጠራ ስለ ምን ይለቅ?» አለኝ። ስለ ክትባቱ እውነቱን ነው። ሆኖም በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እኔና ባልንጀራዬ አልደረሰንም። ደግሞም ሲ ከቢ ይልቅ የጉበት ነቀርሳ እንደሚያበዛ፣ የአፍሪካው ኤ በወጣትነት ዕድሜ ከሚመጣ ነቀርሳ ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል።

ኪኒኑስ ለማን ይሰጥ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከደም ምርመራ የሚሰላ መለኪያ አውጥቶ ወሰኑን ከ2 በላይ አደረገው። በአፍሪካ ሕሙማን ላይ ሲፈተን፣ የእኛም አገር ሰዎች ጭምር፣ ጉበታቸው ጠባሳ የሞላውን ብዙዎችን «ገና ናችሁ» ብሎ የሚመልስ ሆነ። በ2024 እ.ኤ.አ. ወሰኑ ወደ 0.5 ዝቅ አለ። ምክንያቱ የቫይረሱ ዘር ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን በሌላ ሕዝብ ጉበት የተለካ ልብስ እኛን እንዳልገጠመን የታወቀው በራሳችን ሰዎች ላይ ስለተለካ ነው። በጀት የምታዘጋጁ ጓደኞቼ፣ የዘር ምርመራውን መሣሪያ ከመኪናው በፊት ብትጽፉት ምን አለበት?

ባልንጀራዬ ከስድስት ወር በኋላ እንዲመለስ ታዟል። እናቱ ደግሞ ሥር ማሹን ትተው፣ ሦስቱን ታናናሾቹን ለምርመራ ይዘዋቸው ሄደዋል።