ስለ ሴቶች የእግር ኳስ ጨዋታና ስለ ተመልካቹ ሕዝብ

ከአንኮበር በታች ወደ ቈላው በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቅ ገበያ እንደ ነበረች የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጣው ነጋዴ ሸቀጡን በግመል ጭኖ ይደርሳል፤ ከደጋው የሚወርደውም ሰው የአገሩን ፍሬ ይዞ ይገናኘዋል። ያን ሁሉ ሕዝብ ወደዚያች አምባ የሰበሰበው ምን ነበር? የሸቀጡ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ዓርብ መሆኑ ስለ ታወቀ፤ ቦታው ስለማይለዋወጥ፤ የንጉሡም ሹም ስለሚጠብቀው ነው። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፤ የምድር ባቡሩም በድሬዳዋ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፤ የነጋዴው መንገድ ወደ ሌላ ዞረ፤ ገበያዪቱም እንደ ቀድሞዋ ልትሆን አልቻለችም። ጨውና ጨርቅ ከዓለም አልጠፉም፤ የጠፋው መንገዱና ልማዱ ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ዛሬ ስለ ሴቶች እግር ኳስ የሚነገረውን ነገር ለመመርመር ስለሚረዳን ነው። ብዙ ሰዎች «የሴቶቹ ጨዋታ ገና አልበሰለም፤ በበሰለ ጊዜ ሄደን እንመለከተዋለን» ይላሉ። ይህ ነገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል። ተመልካች የሌለው ጨዋታ እንደምን ሊበስል ይችላል? ተጫዋች የሚጐለምሰው በሚያየው ሕዝብ ፊት ነው፤ ጭብጨባው ያበረታታዋል፤ ነቀፋውም ያርመዋል። እንግዲህ ብስለቱ ተመልካቹን፤ ተመልካቹም ብስለቱን የሚጠብቁ ከሆነ ሁለቱም ሳይገናኙ ዘመን ያልፋል። ያልዘሩት አይበቅልም፤ አስቀድሞ ሊዘራ የሚገባውም የተመልካቹ ልማድ ነው ብለን እናምናለን።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የሴቶችን ውድድር መመልከት አይወድም የሚል ሰው ቢኖር የቅርብ ጊዜውን ታሪክ ዘንግቷል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር፤ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፤ ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ባገኙ ጊዜ፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በየቤቱና በየአደባባዩ ቆሞ ያልተመለከተ፤ እንባውንም በደስታ ያላፈሰሰ ማን ነው? ያን ጊዜ «ወንዶቹ ከእነዚህ ይልቅ ይፈጥናሉ» ብሎ ፊቱን ያዞረ አልነበረም። ይህም የሆነበት ምክንያት የሩጫው ቀን አስቀድሞ ስለሚነገር፤ የሯጮቹም ስም በሰው ሁሉ አፍ ስለሚጠራ ነው። እንግዲህ ጒድለቱ የሕዝቡ ፍቅር እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

የወንዶቹም እግር ኳስ ቢሆን ከነተመልካቹ አልተወለደም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ እስካነሣችበት ቀን ድረስ 26 ዓመታት አልፈዋል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ተጫዋቹ መጫወትን ሲማር ሕዝቡም መመልከትን ተምሯል፤ አባት ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሜዳ ወስዷል፤ ልጁም በተራው አባት ሲሆን እንዲሁ አድርጓል። ለወንዶች የተሰጠው ይህ የትዕግሥት ዘመን ለሴቶች የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

ከውጭ አገርም አንድ ምስክር እንጥራ። በእንግሊዝ አገር በታኅሣሥ ወር 1913 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ ዲክ ከር የሚባለው የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53 ሺህ ያህል ሰው ተመልክቶታል። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፤ በኅዳር 1914 ዓ.ም. የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር «ይህ ጨዋታ ለሴት አይስማማም» ብሎ በማኅበሩ ሥር ባሉት ሜዳዎች ሁሉ ሴቶች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ፤ ተመልካቹም ተበተነ። ክልከላው ከተነሣ ከሌላ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. እንግሊዝና ጀርመን ለአውሮፓ የሴቶች ዋንጫ ሲጋጠሙ በለንደኑ ዌምብሌ ስታዲየም 87 ሺህ ሰው ተገኘ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በመጀመሪያ ሕዝቡ ነበረ፤ ሴቶቹም ነበሩ፤ የታጣው ሜዳው ነው። የሜዳው መታጣትም የአንድ ትውልድ ሳይሆን የብዙ ትውልድ ጨዋታ አጠፋ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ ሴቶቻችን ችሎታ እንደማያንሣቸው ሥራቸው ይመሰክራል። ሉሲ የተባለው ብሔራዊ ቡድናችን በ1995፣ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. በተደረጉት የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ውድድሮች ተካፍሏል፤ በ1997ቱም ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ሆኖ ጨርሷል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ፤ በ2017 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቷል፤ ከምድቡ ባያልፍም መንገዱን አይቶ ተመልሷል። በከምባታ ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በስዊድን፣ በማልታና በአሜሪካ ክለቦች ተጫውታለች። ሊዲያ ታፈሰም በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ላይ በዳኝነት አገልግላለች። ነገር ግን ብሔራዊ ቡድኑ ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ አህጉሩ ዋንጫ መመለስ እንዳቃተው መሸሸግ አይገባም። ችሎታ ከዚህም ከዚያም ብቅ ይላል፤ የሚያጸናው ልማድ ግን አልተሠራለትም።

ልማዱ ያልተሠራበትን ምክንያት ስንመረምር ሦስት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ፤ በቅርብ ዓመታት ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሊጉን ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ተለምዷል። ለገንዘብ ያዥ መልካም ነው፤ ለተመልካች ግን ክፉ ነው። የድሬዳዋዪቱ ልጅ ሐዋሳ ላይ፤ የአርባ ምንጪቱም ሌላ ከተማ ላይ ስትጫወት እናቷም ጎረቤቷም አያዩአትም፤ ቡድኑም የከተማው ስም ብቻ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፤ ከክለቦቹ የሚበዙት የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው። ከሜዳው በር የሚገባው ብር የደመወዛቸው ምንጭ ስላልሆነ ሜዳው ቢሞላም ባይሞላም ለእነርሱ አንድ ነው፤ ስለዚህ ተመልካች ለመጥራት የሚደክም ሰው በክለቡ ውስጥ አይገኝም። ሦስተኛ፤ ዋንጫው ደጋግሞ ወደ አንድ ክለብ ሲሄድ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል። ሰው ወደ ሜዳ የሚሄደው ያላወቀውን ለማየት ነውና፤ ፍጻሜው የታወቀ ጨዋታ ተመልካቹን በቤቱ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ጥፋተኛው የሚያሸንፈው ክለብ አይደለም፤ የሌሎቹ መድከም ነው።

ከዚህ ላይ እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። ስለ ሩቅ አገር የወንዶች ክለብ ሙሉ ገጽ ስንጽፍ ለሴቶቻችን ጨዋታ ሁለት መሥመር ሰጥተን፤ እርሱንም ከውጤቱ በቀር ሳንጨምር ያለፍንበት ቀን ብዙ ነው። ስሟ ያልተጻፈላትን ተጫዋች ሕዝቡ ሊያውቃት አይችልም፤ የማያውቃትንም ሊናፍቃት አይችልም።

ስለ ጨዋታው ብስለት የሚነገረው ነቀፋ ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። ኳስ አቀባበሉ የሚላላበት፤ በረኛዋ የምትሳሳትበት፤ ከእረፍት በኋላም ጉልበት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ምክንያቱን እንመልከት። ወንዱ ልጅ ከስድስትና ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በመንደር የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል፤ እኅቱ በዚያው ሰዓት ውሃ ልትቀዳና እንጨት ልትለቅም ትላካለች። እርሱ አሥር ዓመት የተማረውን እርስዋ በሁለት ዓመት እንድታውቀው መጠየቅ ፍርድ ማጓደል ነው። ደግሞም የግቡ ቁመት 2 ሜትር ከ44፤ ስፋቱም 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ሆኖ የተወሰነው ጥንት በወንዶች ቁመት ነው፤ በዚያው ግብ ላይ የምትቆመውን አጠር ያለች በረኛ በወንዱ ሚዛን መመዘን አይገባም። የሴቶቹ ጨዋታ ደስ የሚያሰኝበት የራሱ መንገድ አለው፤ ኳሱ በቅብብል ይሄዳል፤ የተጫዋቾቹም አሳብ በግልጥ ይታያል። ዓይኑን ያለማመደ ተመልካች ይህን ማየት ይችላል።

የሞሮኮም ነገር ሊያስተምረን ይገባል። በዚያ አገር የእግር ኳስ ባለሥልጣኖች በ2012 ዓ.ም. ገደማ የሴቶችን ሊግ በደመወዝ የሚሠራ ሙያ አደረጉት። በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ በአገራቸው ሲደረግ የራባቱ ስታዲየም ከ40 ሺህ በላይ በሚሆን ሕዝብ ተሞላ፤ ሴቶቹም እስከ ፍጻሜው ደረሱ። በሚከተለው ዓመት በዓለም ዋንጫ ኑሃይላ ቤንዚና ፀጉሯን ተከናንባ ተጫወተች፤ ይህም በዚያ ዋንጫ የመጀመሪያው ነበረ። ሕጉ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ስለሚፈቅድ ሃይማኖቷና ጨዋታዋ አልተጣሉም። ይህን በተለይ ያነሣነው እንደ አሊዩ አምባ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚገናኝባቸው ከተሞቻችን «ልጄ ከክብሯ ትጐድልብኛለች» ብሎ የሚሠጋ አባት ቢኖር ሥጋቱ መልስ እንዳለው ይረዳ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ስታዲየም እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ ከዓመቱ ጨዋታ እኩሌታውን በገዛ ከተማው ይጫወት፤ ቀኑና ሰዓቱም በዓመቱ መጀመሪያ ተነግሮ አይለዋወጥ። በጀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የዋንጫውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም ቍጥር ይጠይቅ። በየወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶችን ግጥሚያ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉት፤ ከደጋም ከቈላም የመጣው ሕዝብ ሳይጠራ ይሰበሰባል። እኛም ጋዜጠኞች ስማቸውን፤ የተወለዱበትን ከተማ፤ ያገቡትንም ግብ እንጻፍ።

በኦሪት ዘኍልቍ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው ከአባታቸው ወንድሞች ጋራ ርስት እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ቅን እንደ ሆነ ፈረደላቸው። እነዚያ ሴቶች ርስቱን እስኪያለሙት ድረስ ይቆይባቸው አልተባሉም፤ መሬት ሳይሰጡት ማረስ እንደማይቻል የታወቀ ነውና። የዛሬዎቹም ልጆቻችን የሚጠይቁት ርስት በሳምንት አንድ ቀን የተወሰነ ሜዳና በዙሪያው የቆመ ሰው ነው። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ የዛሬዪቱ ልጅ ልማዱ እስኪሠራ ከቆየች ጉልበቷ ያልቃል። ስለዚህ ተመልካች ሆይ፤ በከተማህ የሴቶች ጨዋታ መኖሩን በሰማህ ጊዜ ልጅህን፤ ይልቁንም ሴት ልጅህን፤ እጅዋን ይዘህ ሂድ።