ንጉሡን አየነው፤ ሽፍታውን አሳዩን

የመይሳው ካሳ ነገር በቴሌቪዥን ብቅ ባለ ቁጥር፣ ድራማም ይሁን ዘጋቢ ፊልም ወይም ከመድረክ የተቀነጨበ ቴአትር፣ ተመልካቹ ምን እንደሚል አስቀድሜ ልነግራችሁ እችላለሁ። አንዱ «ታሪኩን አበላሹት!» ይላል። ሌላው «ንጉሠ ነገሥቱን እንዴት ሽፍታ ይሉታል?» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ድራማውን ትቶ የደራሲውን የአያት ስም ይመረምራል። ሦስቱም አስተያየቶች ድራማው ሳይታይ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጡት እንደዚያው ነው።

እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ታሪኩን አበላሹት» ለሚለው ወዳጄ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የትኛውን ታሪክ? ጋዜጠኝነት ስንማር ገና ከጅምሩ የሚያስለምዱን ጥያቄ «ምንጭህ ማነው?» የሚል ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል ደግሞ አንድ አይደለም። ደብተራ ዘነብ የጻፉት አለ፤ አለቃ ወልደማርያም የጻፉት አለ፤ ጸሐፊው ያልታወቀ ሦስተኛም አለ። ዘነብ ንጉሡን ያደንቃሉ። ወልደማርያም ጭካኔውን አይምሩትም። በዚያው ዘመን የኖሩ ሰዎች በአንድ መልክ ያላዩትን ሰው፣ አንተ ሶፋህ ላይ ሆነህ አንድ መልክ ልትሰጠው ነው? ከዚያም ወዲህ ግርማቸው ተክለሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን፣ ጌትነት እንየው የየራሳቸውን ቴዎድሮስ ሠርተዋል። «የቴዎድሮስ እንባ»፣ «አንድ ለናቱ»፣ «የቴዎድሮስ ራዕይ» የዜና መዋዕል ግልባጭ አይደሉም። ግልባጭ ቢሆኑ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያያቸው ነበር?

የእንግሊዞቹን ሽፍታ ሮቢን ሁድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1500 አካባቢ በታተመው ረጅም የግጥም ትረካ ውስጥ ሰውየው ባላባት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1598 አንቶኒ መንደይ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት መጣና መኳንንት አደረገው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1959 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከጻፉለት ሰዎች መካከል በኮሙኒስትነት ተፈርጀው ከሆሊውድ የተባረሩ አሜሪካውያን ነበሩ፤ የሚጽፉትም በብዕር ስም ነበር። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ባሳየው ተከታታይ ደግሞ ከጓዶቹ አንዷ ከመስቀል ጦርነቱ ምድር የመጣች ሴት ሆነች፤ ፍቅረኛው ማሪያን ደግሞ ተገደለች። እዚያም ተመልካቹ ጮኸ። ይሁን እንጂ ሮቢን ሁድን እስከ ዛሬ ያቆየው ይኸው በየዘመኑ እንደ አዲስ መተረኩ ነው።

ወደ ሁለተኛው ቁጡ እንለፍ። «ሽፍታ አሉት» ይላል። ሽፍታ ነበራ! አማርኛችን እኮ ሽፍታንና ሌባን ለይቶ ያውቃል። ሰው የሚሸፍተው ርስቱን ሲቀሙት፣ ፍርድ ሲጎድልበት፣ ደም ሲቃባ ነው። ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫነው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የቋራ በረሃ አለ፤ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባና አይሻል አሉ። የደጃች ወንድይራድ ወሬም አለ። ሰውየው «የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ» ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተማረከና ኮሶውን ራሱ ጠጣ እየተባለ ይተረካል። ይሄ ለቴሌቪዥን የተሠራ ትዕይንት አይደለም እንዴ? እኛ ግን ይህን ሁሉ እንዘልና መቅደላ እንወጣለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሽጉጥ፣ ዋሽንት፣ አለቀ። አሟሟቱን ከመውደዳችን የተነሳ አኗኗሩን ረሳነው።

የሽፍትነቱን ዘመን ማሳየት ንጉሡን ማዋረድ የሚመስለው ካለ ዘነብን ያንብብ። ካሳ በቋራ ሳለ በእጁ የገባውን ገንዘብ ለገበሬው አካፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ማድረጉን የጻፉት እሳቸው ናቸው። የሚገርመው፣ በዚያ በእንግሊዙ የድሮ ግጥምም ሮቢን ሁድ በሞፈር የሚያርሰውን ገበሬ እንዳይነኩ ሰዎቹን ያዝዛል። ሁለቱ ሽፍቶች ገበሬው ላይ ይገናኛሉ።

አሁን ግን ማንም የማይጠይቀውን ጥያቄ ልጠይቅ። ገንዘቡ የማን ነበር?

እኔ የአብነት ልጅ ነኝ። ሮቢን ሁድ የሚዘርፈው የናጠጠ ጳጳስና አቡን ነው። በካሳ ዘመን በቆላው መንገድ የሚዘረፈው ግን ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ አሞሌውንና ቡናውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ ከፍሎ፣ ሽፍታ እንዳይገጥመው እየጸለየ የሚያልፍ ሰው። ያ ሰው በድራማዎቻችን ውስጥ የለም። ቢኖርም ተዘርፎ ከትዕይንቱ ይወጣል። ከአብነት እስከ ሸማ ተራ ያለው ሕዝብ ግን ከካሳ ይልቅ የሚመስለው ያንን ነጋዴ ነው። እዚህ ሰፈር የተጫነ መኪና መንገድ ላይ ያደረ እንደሆነ ማን እንቅልፍ እንደማይወስደው እናውቃለን። የባለ ሱቁ ብቻ አይደለም፤ የተሸካሚው፣ የደላላው፣ የሾፌሩ ሚስት ሌሊት ነው የሚነጋው። ታዲያ የመርካቶ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ነጋዴው የት ገባ?» ብሎ የማይጠይቅ ከሆነ ማን ይጠይቅለት?

ካሳ ራሱ ከዘውዱ በኋላ ይህ ጥያቄ ገጥሞታል። ሁሉም ወደየአባቱ ሥራ ይመለስ የሚል አዋጅ ሲያወጣ፣ የታጠቁ ዘራፊዎች መጥተው «የአባታችን ሥራ ዝርፊያ ነው፤ ይጽናልን» እንዳሉት ይተረካል። ማረሻና በሬ ልስጣችሁ ብሎ ቢለምናቸው እምቢ አሉ፤ መጨረሻቸውም ሞት ሆነ ይባላል። የቀድሞው ሽፍታ በሽፍቶች ላይ ሲፈርድ ማለት ነው። እውነት ለመናገር፣ ከመቅደላው ሽጉጥ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። አንድ ጎበዝ ደራሲ ከዚህ ትዕይንት ብቻ ሁለት ክፍል ያወጣል።

ሦስተኛው አስተያየት ሰጪ ዘር ቆጣሪው ነው። ለእሱ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ካሳ ከጎጃሙ ጎሹ ጋር ተዋግቷል፤ የሚስቱ የተዋበች አባት ከሆነው ከራስ አሊ ጋር ተዋግቷል፤ ከስሜኑ ውቤ ጋር ተዋግቷል። ወሎና ሸዋ ዘምቷል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሷን ዘርፎ አቃጥሏል። ይህን ሰው ለአንድ ወገን አሳልፎ ለመስጠት መጀመሪያ ግማሹን ታሪኩን መቅደድ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የድራማ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ባለፉት ዓመታት በአገራችን መንገዶች ላይ ሾፌርና ተሳፋሪ መታገቱን የማያውቅ የለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ለአንዱ ጀግና ነው፣ ለሌላው ወንበዴ። ካሳን እንከን የለሽ አድርጎ ብቻ የሚያሳይ ድራማ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሁሉ የነገ ንጉሥ ነው ብሎ ልጆችን ያስተምራል። ወንበዴ አድርጎ ብቻ የሚያሳይ ደግሞ የሸፈተ ሰው ሁሉ በደል አልነበረበትም ብሎ ይዋሻል። ገበሬውንም ነጋዴውንም በአንድ ስክሪን ላይ የሚያመጣ ድራማ ቢኖረን ግን ቢያንስ ሳሎናችን ውስጥ የምንከራከርበት ነገር ይኖረን ነበር።

«ተመልካቹ አይቀበለውም» የምትሉ አዘጋጆች፣ ቱርኮቹን እዩ። ስለ ሱልጣን ሱለይማን የሠሩት ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ሱልጣኑን አዋረዳችሁ የሚል አቤቱታ በአስር ሺዎች ጎረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ተቆጡ። ድራማው ግን እስከ 2014 ቀጠለ፤ በብዙ አገርም ታየ። እኛስ? ቃና በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምር «የውጭ ድራማ ሊውጠን ነው» ብለን ተሰለፍን። የራሳችንን ሽፍታ ለመንካት ግን እጃችን ይንቀጠቀጣል። የሰው ታሪክ የሚውጠን የራሳችንን በመስታወት ሳጥን ቆልፈን ስላስቀመጥነው ነው።

እናንተ ተመልካቾች ደግሞ ተቆጡ፤ መብታችሁ ነው። ቁጣችሁ ግን «ለምን ሽፍታ አላችሁት?» ከሚለው ወደ «ማንን ዘረፈ? ለማን ሰጠ? የተዘረፈውስ ምን አለ?» ይሻገር። ደራሲዎቻችን ይህን ጥያቄ የሚፈራ ሳይሆን የሚጠይቅ ተመልካች መኖሩን ካወቁ፣ ካሳ ከመቅደላ ወርዶ ቋራ ይገባልናል።