አውሮፕላኑ ሲነሣ ከሜዳው ጫፍ ማን አለ?

ፀረ ተባይ የሚረጭ አውሮፕላን በሥራ ላይ እያለ ጭነቱ እየቀለለ ይሄዳል። እጅግ የሚከብደው ታንኩ ሞልቶ ከመሬት ሲነሣ ነው። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቢያቅተው ለአብራሪው ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ባለሁለት ሞተሩ ቦይንግ 737 እንኳ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ሲነሣ ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተው ለአደጋ መዳረጉና 35 ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም።

የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ቦታው ቆላ ነው። በቀትር ሐሩር አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ፤ ያው ጭነት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ የዘለቀው የበረሃ አንበጣ ነገም ቢመጣ፣ ሰብሉ የሚበላበት ገበሬ «ታንኩ ይሙላ» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ነዳጅ ቢበላም በማለዳ፣ ጭነት ቀንሶ መመላለስ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ከፍታ መያዝ ያቃተው አብራሪ ጭነቱን ባንዴ መድፋት ይችላል፤ የታንኩ በር ለዚሁ ጭምር ተሠርቷል። እርሱ ሊተርፍ ይችላል፤ መርዙ ግን ከሜዳው ጫፍ ባለው ላይ ይወርዳል። በጋሞ ቆላ የሙዝ ማሳ፣ ከብትና የመስኖ ቦይ አለ፤ ውሃውም ወደ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ይወርዳል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው በዋዜማው የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የሚረጨውን ማሳ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚነሣበትንም አቅጣጫ ሊጨምር ይገባል። ከብቱ ይራቅ፤ ለማየት የሚሮጡ ልጆችም ከሜዳው ጫፍ ይከልከሉ።