መዝገቡ የማያውቀው ቤት
የግዛቶች የሕንፃና የኤሌክትሪክ ኮድ ሲሻሻል የሕዝብ አስተያየት ለምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 የሚኒሶታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የቤት ግንባታ ደንብ ሻረ። ደንቡ ስፋታቸው ከ4,500 ስኩዌር ፊት (418 ካሬ ሜትር ገደማ) የሚበልጥ አዳዲስ የአንድ ቤተሰብ ቤቶች፣ እሳት ሲነሣ በራሱ ውኃ የሚረጭ ስፕሪንክለር እንዲገጠምላቸው ያዝዝ ነበር። ክሱን ያቀረበው የመንትዮቹ ከተሞች የቤት ገንቢዎች ማኅበር ሲሆን፣ ተከሳሹ ደንቡን ያወጣው የግዛቱ የሥራና ኢንዱስትሪ መምሪያ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስፕሪንክለር ሕይወት አያድንም አላለም። ያለው፣ መስመሩ ለምን በ4,500 ላይ እንደተሰመረ የሚያስረዳ ማስረጃ በመዝገቡ ውስጥ የለም ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2019 የምስጋና ቀን ዋዜማ ገና ሳይነጋ፣ በሚኒያፖሊስ ሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ባለ 25 ፎቅ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ እሳት ተነሥቶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሰፈሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት ነው። ሕንፃው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሲሆን የመኖሪያ ፎቆቹ ስፕሪንክለር አልነበራቸውም። አዲስ የሕንፃ ኮድ በጥቅሉ የሚገዛው አዲስ የሚሠራውን ወይም በሰፊው የሚታደሰውን ሕንፃ እንጂ ቀድሞ የቆመውን አይደለም።

እነዚህን ሁለት ክስተቶች በቀጥታ የሚያገናኛቸው የሕግ ክር የለም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ ነገር ያሳያሉ። በፍርድ ቤት ጠበቃና ባለሙያ የተሰለፈው ስለ ትልልቅ አዳዲስ ቤቶች ሲሆን፣ አምስቱ ሰዎች የሞቱት በአሮጌ ፎቅ ውስጥ ነው። ክርክር የት ላይ እንደሚያተኩር የሚወስነው አደጋው ያለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ ይዞ በጊዜው የቀረበው ማን እንደሆነም ጭምር ነው። የግንባታ ኮድ የሕዝብ አስተያየት ጉዳይ ሲነሣ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ የማን ቤት አለ? የማንስ የለም?

ኮዱ ሕግ የሚሆንበት መንገድ

አሜሪካ አንድ ብሔራዊ የሕንፃ ሕግ የላትም። ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የኤሌክትሪክ ኮዱን፣ ዓለም አቀፉ የኮድ ምክር ቤት ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኮዱን በየሦስት ዓመቱ እያሻሻሉ ለአርአያነት ያሳትማሉ። ሁለቱም መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ያሳተሙት ኮድ ሕግ የሚሆነው ግዛት ወይም ከተማ ሲቀበለው ብቻ ነው፤ ግዛቶችም ሲቀበሉት ይቀንሱለታል፣ ይጨምሩለታል። የመኖሪያ ቤት ኮዱ የ2009 እትም በሁሉም አዳዲስ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤቶች ስፕሪንክለር እንዲገጠም አዝዞ ነበር። ይህን ግዴታ በግዛት ደረጃ የተቀበሉት ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ብቻ ናቸው። በዚህም ምክንያት በሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ስፕሪንክለር ያለው ቤት ሲረከብ፣ ወንዙን ተሻግሮ በአሌክሳንድሪያ የገዛው ወንድሙ ላያገኝ ይችላል። ልዩነቱን የፈጠረው የሁለቱ ግዛቶች ውሳኔ እንጂ የእሳቱ ጠባይ አይደለም።

ውሳኔው የሚደረስበት ሥርዓት ከግዛት ግዛት ይለያያል። በሚኒሶታ መምሪያው ደንብ ለማሻሻል ሲያስብ አስቀድሞ አስተያየት ይጠይቃል። ከዚያም ለውጡ ለምን እንዳስፈለገና ለምን ምክንያታዊ እንደሆነ የሚያብራራ ሰነድ አዘጋጅቶ ረቂቁን ለሕዝብ ያወጣል። ለአስተያየት ቢያንስ 30 ቀናት ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 25 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በጽሑፍ ከጠየቁ፣ ረቂቁ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ሕዝብ በተገኘበት ሸንጎ መታየት አለበት። ሃያ አምስት ሰው ማለት የአንድ አነስተኛ ዕድር ስብሰባ ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ድምፅ መስጫ አይደለም። ሦስት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢልክ ረቂቁ አይወድቅም፤ አንድ ሰው የተለካ ነገር ይዞ ቢቀርብ ግን ሊለወጥ ይችላል። መምሪያው የሚጠየቀው የደጋፊና የተቃዋሚ ቁጥር እንዲያመዛዝን ሳይሆን ውሳኔውን በመዝገቡ ባለው ማስረጃ እንዲያስረዳ ነው። የ4,500ው መስመር የወደቀው ማስረጃ ስላጣ ነው።

የተበታተነ ዕውቀት፣ የተሰበሰበ ጥቅም

ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ጥቅማቸው የተሰበሰበ ጥቂቶች፣ ጉዳታቸው የተበታተነ ብዙዎችን በመደራጀት ለምን እንደሚበልጡ አሳይቷል። የግንባታ ኮድ ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። አንድ ግዴታ በእያንዳንዱ አዲስ ቤት ላይ የተወሰነ ሺህ ዶላር ቢጨምር በዓመት መቶ ቤት ለሚሠራ ድርጅት ጉዳዩ የህልውና ነው፤ ባለሙያ ቀጥሮ ይከራከርበታል። ዕቃውን የሚያመርተው ፋብሪካም በተቃራኒው ወገን እንዲሁ ያደርጋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤቱን የሚገዛው ቤተሰብ ግን ዛሬ ገዢ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ተከራዩም ወጪው በኪራዩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚደርሰው ከኮዱ ጋር አያገናኘውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው የአሜሪካ ቤት ገንቢዎች ማኅበር ከኮድ ምክር ቤቱ ጋር በገባው ስምምነት በዋና ዋና የመኖሪያ ቤት ኮሚቴዎች ውስጥ ከ11 ድምፅ ያላቸው መቀመጫዎች አራቱን አረጋግጦ ነበር። ለተከራይ እንዲህ ያለ መቀመጫ የሚደራደርለት የለም።

በሌላ በኩል ፍሪድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳስገነዘበው፣ ለውሳኔ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአንድ ቢሮ ውስጥ ተከማችቶ አይገኝም፤ በየሰዉ እጅ ተበታትኖ ይኖራል። የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,400 ዋት ገደማ ይስባል። የብዙ አሮጌ ቤቶች መስመር በ15 አምፒርና በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የሚሸከመው ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። ጭስና ሽታ ሽሽት ምጣዱ ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ሲገባ፣ እዚያው መስመር ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ ካለ ብሬከሩ ይወርዳል። ባለቤቷም ማራዘሚያ ገመድ ትዘረጋለች። የኤሌክትሪክ ኮዱ ለማእድ ቤት ጠረጴዛ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፒር መስመሮችን የሚያዝዘው ማእድ ቤት ከባድ ዕቃ እንደሚጠቀም ስለሚያውቅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለሰዓታት ሳይቋረጥ በምድር ቤት የሚጋገር መሆኑን ግን የሚነግረው ሰው ካልመጣ ከየት ያውቃል?

እንዲህ ያለ የቤት ውስጥ ዕውቀት ኮድ ለውጦ ያውቃል። የኤሌክትሪክ ኮዱ ቀደም ያሉ እትሞች በማእድ ቤት መካከል ለሚቆመው ጠረጴዛ ሶኬት እንዲኖረው ያስገድዱ ነበር። ሕፃናት ከጠረጴዛው ጎን የተንጠለጠለ ገመድ እየሳቡ በትኩስ ዘይትና በውኃ መቃጠላቸው በሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል መረጃ ሲታይ፣ የ2023 እትም ግዴታውን አነሣ፤ ከጠረጴዛው ወለል በታች በጎን የሚገጠመውንም ሶኬት ከለከለ። የ2020 እትም ደግሞ ከቤት ውጭ ለሚቀመጥ የአየር ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ አዝዞ ነበር። በአንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ላይ መከላከያው ያለ በቂ ምክንያት እየቆረጠ ሲያስቸግር፣ ሙቀት የሚበረታባትን ቴክሳስን ጨምሮ አንዳንድ ግዛቶች ተፈጻሚነቱን አዘገዩት። በመጀመሪያው ምሳሌ ከሐኪም ቤት፣ በሁለተኛው ከጥገና ሠራተኛ የመጣ ማስረጃ ደንቡን አረመ። አንዱ አዲስ ጥበቃ አመጣ፣ ሌላው ያልበሰለ ግዴታ አዘገየ። ስለዚህ የሕዝብ አስተያየት በባሕርይው የቁጥጥር ጠላትም ወዳጅም አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጥናት የሚመጣ ነውና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ካትሪን አይንስታይን፣ ዴቪድ ግሊክና ማክስዌል ፓልመር በማሳቹሴትስ ከተሞች የቤት ግንባታ ስብሰባዎችን መርምረው፣ ተናጋሪዎቹ ከነዋሪው ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ የገፉ፣ በአካባቢው ረጅም ጊዜ የኖሩና የቤት ባለቤቶች ሆነው አግኝተዋቸዋል። አብዛኞቹም አዲስ ግንባታን የሚቃወሙ ነበሩ። በር መክፈት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ በተከፈተው በር የሚገባው ጊዜና ጉልበት ያለው ነው። ትምህርቱ ግን በሩን ዝጉት አይደለም። ቀኑን ታክሲ ሲነዳ የሚውለው ተከራይ ወደ ሸንጎው መምጣት ካልቻለ፣ መምሪያው ወደ እሱ ሄዶ መጠየቅ አለበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቤት ዋጋ ነው። ኮድ በተሻሻለ ቁጥር ቤት ይወደዳል፤ ስለዚህ ማሻሻያው ይቁም ይላል። ይህ አስተሳሰብ እያሸነፈ ነው። ሰሜን ካሮላይና በ2023 የገዢውን ውድቅታ በምክር ቤት ድምፅ ሽራ የመኖሪያ ቤት ኮዷን አብዛኛውን ክፍል እስከ 2031 አገደች። ካሊፎርኒያም በ2025 ጥቂት ሁኔታዎችን ብቻ አስቀርታ እንዲሁ አደረገች። የቤት ዋጋ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። እገዳ ግን ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም፤ ሕፃናትን ከቃጠሎ የሚያድነውንና ያለማስረጃ የተሰመረውን መስመር በአንድ ቁልፍ ይዘጋባቸዋል። ወጪውንም አያጠፋውም፣ ለሌላ ጊዜ ያስተላልፈዋል እንጂ። ግድግዳ ሳይዘጋ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመርና ግድግዳ ተፈልፍሎ የሚገባ መስመር ዋጋቸው እኩል አይደለም። ዛሬ ርካሽ ቤት የገዛው ቤተሰብ ነገ ለኤሌክትሪክ መኪናው መስመር ሲያስገባ ልዩነቱን ይከፍላል።

ምን ይደረግ?

ከመንግሥት ወገን ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የወጪና የጥቅም ትንታኔ በአማካይ ቤት ብቻ መቅረቡ ይቅር። ወጪው በመጀመሪያ ጊዜ ገዢ፣ በተከራይና በቤት ባለቤት ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ ተለይቶ ይታይ። ሁለተኛ፣ አዲስ ደንብ በወጣ ቁጥር አሮጌዎቹን ቤቶች ለምን እንደማይነካ መምሪያው በጽሑፍ ያስረዳ። ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ በቆመ ፎቅ ላይ ስፕሪንክለር መግጠም ውድ ነው። ነገር ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛ፣ ቴክኒካዊውን ረቂቅ የሚያብራራ አጭር ጽሑፍ ተራው ሰው በሚረዳው ቋንቋ፣ ብዙ ስደተኞች ባሉባቸው ግዛቶችም በቋንቋቸው ይውጣ። ሠላሳ ቀን ሰነዱን ለሚያነብ ጠበቃ ይበቃል፤ ሰነዱ መኖሩን ገና ለሚሰማ ሰው አይበቃም።

ከማኅበረሰቡ ወገን ያለው ሥራ ይበልጥ ቅርብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች አሉ። አብዛኛው የሕዝብ ጉዳይ ጉልበታቸው ግን፣ ለመረዳት በማያዳግት ምክንያት፣ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ይፈሳል። የግዛት ደንብ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ልጆቻቸው የሚተኙበትን ክፍል የጭስ ጠቋሚ፣ ምጣዳቸው የሚሰካበትን መስመር፣ ታክሲ ነጂው ወንድማቸው በሚከራይበት አፓርትመንት መኪና መሙያ ይኑር አይኑር የሚለውን የሚወስነው ይህ ትንሽ ነገር ነው። የሚፈለገው ሰልፍ አይደለም። አንድ መሐንዲስ ረቂቁን ያንብብ፤ አንዲት ነርስ ያየችውን ጉዳት በቁጥር ታስፍር፤ ዕድሩ አባላቱን በስንት አምፒር መስመር እንደሚጋግሩ ይጠይቅ። በመጨረሻ በየትኛው አንቀጽ ላይ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈለግና ለምን እንደሆነ በሁለት ገጽ ይጻፍ። አስፈላጊ ከሆነም ሃያ አምስት ሰዎች ሸንጎ እንዲጠራ ይጠይቁ።

የቤት ገንቢዎቹ ማኅበር በ2015 ያሸነፈው ሕግን ስለጣሰ ወይም ስለተጭበረበረ አይደለም። ሕጉ የሰጠውን መብት ተጠቅሞ መዝገቡን ገልጦ አንብቦ የጎደለውን ስላሳየ ነው። ያው መብት ለተከራዩም፣ ለገዢዋም፣ በአሮጌው ፎቅ ለሚኖረው አዛውንትም እኩል ተጽፏል። ልዩነቱ እነሱን ወክሎ መዝገቡን የሚያነብ ሰው መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።